ዱባና ቅል፣ አበቃቀሉ ለየቅል

ባሕር ዳር ላይ ቤት ለሚሠሩና ለሚያሠሩ ሰዎች ስለ ተክል ለበስ ግድግዳ ያደረግኩት ንግግር ነው። ስጽፈው ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። መጨረሻ ላይ የተነሱትን ጥያቄዎችም አስገብቻለሁ።

እንደምን ዋላችሁ!

ከመጀመሬ በፊት እዚያ መስኮቱ ጋ የተቀመጣችሁ ተነሱና ወደዚህ ጠጋ በሉ። ከቀኑ 9 ሰዓት ሆኗል። መስኮቱ ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው፤ እስከ 11 ሰዓት ይጠብሳችኋል። የፕሮግራሙን ወረቀት ማራገቢያ ስታደርጉት አይቻለሁ፤ አልቀየምም። የዛሬው ጉዳዬም እሱው ግድግዳ ነው።

አያቴ በየክረምቱ ከጎጆዋ ጀርባ ዱባና ቅል ትተክል ነበር። ሁለቱም ማገሩን ይዘው ይወጡና ሣር ክዳኑ ላይ ይንሰራፋሉ። ነሐሴ ላይ ከሩቅ ስታዩት ቤቱ አረንጓዴ ኮፍያ ያደረገ ይመስላል። የቱ ዱባ፣ የቱ ቅል እንደሆነ ግን ከሩቅ አይለይም። ቀረብ ብላችሁ አበባውን ማየት አለባችሁ። የዱባው ቢጫ ነው፣ የቅሉ ነጭ። «ዱባና ቅል፣ አበቃቀሉ ለየቅል» የሚባለውን ተረት መጀመሪያ የሰማሁት ከእሷው ነው።

አሁን በየስልካችን «አረንጓዴ ግድግዳ» እየተባለ የሚዞረው ነገርም እንደዚያው ነው። ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ። አንደኛው ሥሩ መሬት ውስጥ ሆኖ ግንዱ ግድግዳውን ይዞ የሚወጣ ሀረግ ነው። ሁለተኛው ሥሩም ጭምር ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ተክል ነው። በፓነል ወይም በጨርቅ ኪስ ውስጥ ይኖራል፤ ውሃና ምግቡ በቱቦ ይመጣለታል። ፎቶ ላይ አይለዩም። ውሃ በጠፋ በሳምንቱ ግን ይለያሉ።

ይህን ከመጽሐፍ አልተማርኩትም። በሰው ገንዘብ ነው የተማርኩት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ከተማ አንድ ሰው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ አሠራ። ከታች ካፌ አለው። ስልኩን አውጥቶ የፓሪስ ግድግዳ አሳየኝ፤ ከላይ እስከ ታች ቅጠል በቅጠል ነው። «ይችን ሥራልኝ» አለኝ። እኔም ልምዱ ሳይኖረኝ፣ ዓይኔን ሳላሽ «ችግር የለም» አልኩ። 24 ካሬ ሜትር ነበር። ብረት አቆምን፣ ፓነል ሰቀልን፣ የጨርቅ ኪስ አሰፋን፣ ፓምፕና የጠብታ ቱቦ ዘረጋን። ኅዳር ላይ አለቀ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አምሮ ነበር። ሙሽሮች ሳይቀሩ ፎቶ ይነሱበት ጀመር።

መጋቢት ላይ መብራት ጠፋ። ሦስት ቀን ቆየ። ጀነሬተር አለ፣ ግን የተቀጠለው ለካፌው ነበር። ፓምፑን ማንም አላሰበውም፤ እኔም ጭምር። ቡናው አልተቋረጠም፣ ተክሉ ግን ውሃ ተቋረጠበት። ያ ኪስ የሚይዘው አፈር የእጅ መዳፍ አይሞላም። በመጋቢት ፀሐይ በአንድ ቀን ክው ይላል። መብራቱ ሲመጣ ደግሞ የቱቦዎቹ ቀዳዳዎች ግማሹ በደለልና በጨው ተደፍነው አገኘናቸው። ለፋሲካ ግድግዳው ገለባ መስሎ ነበር። ባለቤቱ ምንም አልተቆጣኝም። ሁሉንም አስነቀለና የፕላስቲክ ሣር ለጠፈበት። «ይኼ አይጠማውም» አለኝ። ምን ልመልስለት?

ስለዚህ ዛሬ «አረንጓዴ ግድግዳ ጥሩ ነው» ልላችሁ አልመጣሁም። የቱ ነው እዚህ፣ በዚህ ዝናብና በዚህ ፀሐይ፣ ከዚህ ሐይቅ አጠገብ የሚሆነው ለማለት ነው የመጣሁት።

መጀመሪያ ተክል ግድግዳን እንዴት እንደሚያቀዘቅዝ እንይ። የእንስራ ውሃ ለምን እንደሚቀዘቅዝ የምታውቁ ይህንንም ታውቁታላችሁ። ሸክላው ያልበዋል። ላቡ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። 1 ሊትር ውሃ ሲተን የሚወስደው ሙቀት 0.68 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። 1,000 ዋት የሚስብ ምድጃ 40 ደቂቃ ሲነድ የሚያወጣው ሙቀት ማለት ነው። ቅጠልም ከሥሩ የሳበውን ውሃ በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ እያወጣ ያተነዋል። እያንዳንዱ ቅጠል ትንሽ እንስራ ነው በሉት።

ከዚህ የሚበልጠው ግን ጥላው ነው። ብሎኬት ከሰዓት በኋላ የጠጣውን ሙቀት ማታ ወደ ውስጥ ይተፋዋል። «ማታ ማታ ቤቱ ይጋግራል» የምትሉት እሱን ነው። ቅጠል ከፊቱ ከቆመ ግን ብሎኬቱ መጀመሪያውኑ አይጠጣም። በቅጠሉና በግድግዳው መካከል አንድ ጋት ክፍተት ካለ ደግሞ አየሩ ይመላለስበታል። ሲንጋፖር ውስጥ ሆርትፓርክ በሚባል ቦታ ስምንት ዓይነት አረንጓዴ ግድግዳዎችን ጎን ለጎን አቁመው ለክተዋል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። ከባዶው ግድግዳ ጋር ሲነጻጸር የግድግዳው ገጽ እስከ 11 ዲግሪ ከምናምን ቀንሶ ተገኝቷል። ልብ በሉ፣ ይህ የግድግዳው ገጽ ነው። የክፍሉ አየር በዚያ ልክ አይቀንስም። ሻጮች ይህችን ነገር ጎርሰው ያልፏታል።

የትኛው ግድግዳ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ግድም ላይ ናት። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ቀጥ ብላ አናታችን ላይ ትቆማለች፤ ሚያዝያ አጋማሽና ነሐሴ አጋማሽ ገደማ። የነሐሴዋን ደመናው ይሸፍንልናል። የሚያዝያዋን የሚሸፍንልን የለም። በዚያን ጊዜ ስድስት ሰዓት ላይ ግድግዳው ሳይሆን ጣሪያው ነው የሚመታው። ከዚያ ዘንበል ስትል ምዕራቡን ግድግዳ ታገኘዋለች። በበጋ የደቡቡም ግድግዳ ፀሐይ ያገኘዋል። ግን ቀትር ላይ ከፍ ብላ ስለምታልፍ ጥሩ የጣሪያ ክፈፍ ይከልለዋል። ምዕራቡን ክፈፍ አይረዳውም። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ነው የምትመጣው። ምሥራቁም እንዲሁ ይመታል፣ ግን ጠዋት ቤቱ ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ ማንም አያማርርም።

ሰዎች ግን የሚያለብሱት የቱን ነው? ወደ መንገዱ የዞረውን! የሚታየውን! ወደ ሰሜን የዞረ የሆቴል ፊት ለፊት በተክል ተሸፍኖ፣ ምዕራቡ እንደ ምጣድ ሲግል አይቻለሁ። ያ ጌጥ ነው። ጌጥ ክፉ አይደለም፤ «ኃይል ይቆጥባል» ብላችሁ ግን አትሽጡት።

ሌላ የማይዋጥልኝ ነገር «ኦክስጅን ያመርታል፣ ካርቦን ይመጥጣል» የሚለው ነው። ጥቂት ካሬ ሜትር ቅጠል የሚመጥጠው ትንሽ ነው። ፓነሉን፣ ብረቱንና ፓምፑን ለማምረት የወጣው ጭስስ? ኔዘርላንድ ዴልፍት ያሉ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው ይህንን አስልተው እ.ኤ.አ. በ2011 አሳትመውታል። ከመሬት በቅሎ በቀጥታ ግድግዳው ላይ የሚወጣው ሀረግ በአካባቢ ላይ የሚጥለው ሸክም ከሁሉ ቀላል ሆነ። በጨርቅ ንብርብር የሚሠራው ከሁሉ ከበደ፤ ጨርቁ በየጊዜው መለወጥ አለበትና። የማይዝግ ብረት መረብም ብቻውን ብዙ ሸክም ይጨምራል።

አሁን ትንሽ ወደ ውጭ ወጣ ብለን እንመለስ። ተክል የሚሸከም ግድግዳ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ስታንሊ ሃርት ዋይት የሚባል አሜሪካዊ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ መምህር እ.ኤ.አ. በ1938 የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። ማንም ልብ አላለውም። ዓለም ያወቀው በፈረንሳዊው የእፅዋት ሊቅ በፓትሪክ ብላንክ ነው። ደንበኛዬ ያሳየኝ የፓሪሱ የኬ ብራንሊ ሙዚየም ግድግዳ የእሱ ሥራ ነው፤ ሙዚየሙ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ብላንክ ያየው ነገር ትክክል ነው፤ በሐሩር ደኖች ውስጥ አፈር በሌለበት ድንጋይ ላይ የሚኖሩ ብዙ ተክሎች አሉ። የዚያ ድንጋይ ውሃ ግን አይቋረጥም። የእኛ የመጋቢት ድንጋይ ላይ ምን አለ? እንሽላሊት።

ለንደን፣ ኢዝሊንግተን በሚባለው ሰፈር፣ አንድ የሕፃናት ማዕከል ላይ 100,000 ፓውንድ የወጣበት ተንጠልጣይ ግድግዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ደረቀ። ያን ስሰማ፣ አይፈረድብኝ፣ ትንሽ ተጽናናሁ።

ሚላኖ ያለውን «ቀጥ ያለ ደን» የሚባለውን ሁላችሁም አይታችሁታል። ስቴፋኖ ቦኤሪ የነደፋቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ያለቁ ሁለት ማማዎች ናቸው። ረጅሙ 110 ሜትር ገደማ ነው። 800 ያህል ዛፍ ተሸክመዋል። ተማሪዎቼ በየዓመቱ እሱን ይስላሉ። እኔ ደግሞ በየዓመቱ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ማን ይከረክመዋል? እዚያ አትክልተኞች በገመድ ከጣሪያ እየወረዱ ነው የሚከረክሙት። ዛፎቹ ነፋስ እንዳይጥላቸው በገመድ ታስረዋል። በረንዳዎቹም ያንን አፈር እንዲሸከሙ ተብሎ የተጠናከሩ ናቸው። ይህን ሁሉ መክፈል የሚችል ይሥራው።

እኔ የምወደው ቺሊ፣ ሳንቲያጎ ያለውን ነው። የኮንሶርሲዮ ሕንፃ ይባላል። ኤንሪኬ ብራውንና ቦርሃ ዊዶብሮ ነደፉት፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ተጠናቀቀ። ረጅሙ ጎኑ ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው። ሰዎቹ ከመስታወቱ ራቅ አድርገው መደገፊያ አቆሙ፣ ሰፋፊ የአፈር ገንዳ አስቀመጡ፣ ሀረግ ተከሉ። በሙቀቱ ወራት ይሸፍናል፣ በብርዱ ወራት ቅጠሉ ይረግፍና ፀሐይ ይገባል። አያቴ ብታየው «ይኼማ የኔ ቅል ነው» ትላለች።

እሺ፣ ወደ ቤታችን። ወደ ውሃው።

ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ትንሽ አይደለም። 100 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 140,000 ሊትር ማለት ነው። አንድ አምስተኛው በትነትና በፍሳሽ ቢጠፋ እንኳ 112,000 ሊትር ይቀራል። ችግሩ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት መውረዱ ነው። ተክሉ የሚፈልገው ደግሞ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው። ያኔ ሰማዩ ዝም ይላል።

እንቁጠር። 20 ካሬ ሜትር ተንጠልጣይ ግድግዳ አላችሁ እንበል። በበጋ በቀን ለአንድ ካሬ ሜትር 4 ሊትር ስጡት። በቀን 80 ሊትር ነው፤ አራት ጀሪካን። በስድስት ወር ከ14,000 ሊትር ያልፋል። ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ሦስት መሆኑ ነው፤ ለአንድ ግድግዳ! ያንኑ ግድግዳ መሬት ውስጥ ሥር የያዙ ሁለት ሀረጎች ቢያለብሱትስ? እኔ ለእያንዳንዳቸው በሳምንት አንዴ ሁለት ጀሪካን አሰጣለሁ። በስድስት ወር 2,000 ሊትር ገደማ ነው። አንድ ትንሽ ሮቶ ከአሸንዳው ሥር ማስቀመጥ ይበቃል። ሥሩ ወርዶ እርጥቡን ካገኘ በኋላ ደግሞ አንዳንዱ ይህንንም አይጠይቅም። መብራት ቢጠፋ ጉዳዩ አይደለም። አንድ ሳምንት ብትረሱት ይቀየማል እንጂ አይሞትም።

ሀረጉን የምመርጥበት ሁለተኛው ምክንያቴ ሐይቁ ነው። እዚህ ከተማ ስለ ተክል አውርቶ እምቦጭን ሳያነሱ መሄድ አይቻልም። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ ተነስቶ ዓለምን ያዳረሰው አበባው ስላማረ ነው። ሰዎች ለኩሬያቸው ጌጥ ብለው ወሰዱት። ጣና ላይ መታየቱ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ 15 ሜትር ገደማ ነው። ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ሲገባበት እምቦጩ ይፈነጥዛል።

የጨርቅ ኪሱ ግድግዳ ምግቡን የሚያገኘው በውሃ ከሟሟ ማዳበሪያ ነው። ከላይ ይንጠባጠባል፣ ከታች ይፈሳል። የፈሰሰው ተሰብስቦ ካልተመለሰ ቱቦ ውስጥ ይገባል፣ ቱቦው ወደ ቦዩ፣ ቦዩ ወደ ሐይቁ። ከሐይቁ ዳር ሆነን «አረንጓዴ ነን» እያልን እምቦጩን ማብላት ነው። በእርግጥ አንድ ካፌ ጣናን አያጠፋም። ግን ያን አንዱን ካፌ የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ ነገሩ ያሳክከኛል።

ከውጭ የሚመጣ ዘር ላይም ተጠንቀቁ። «ቶሎ ይሸፍናል» የተባለ ሁሉ ቶሎ ያመልጣል። የወፍ ቆሎንም ወደ አገራችን ያስገቡት ለአጥር ጌጥ ብለው ነው፤ አሁን የት የት እንደደረሰ ተመልከቱ።

ታዲያ ምን እንትከል? ይህን ስል እጃችሁ ወደ ስልካችሁ ሲሄድ አየሁ። ጻፉ።

ቡገንቪላ ሁሌም ይሠራል። ድርቅ ይችላል፤ እንዲያውም ውሃ ሲቀነስበት ነው የሚያብበው። ግን ራሱ አይወጣም፣ ማሰር ያስፈልጋል። እሾህ አለው። ሲያረጅ ይከብዳል፤ በክረምት ዝናብ ርሶ ነፋስ ሲገፋው ደካማ ሽቦ ይበጥሳል። ፓሽን ፍሩት ቶሎ ይሸፍናል፣ ፍሬም ይሰጣል፣ ለዚህ ከፍታም ይስማማዋል። ዕድሜው ግን አጭር ነው፤ በየጥቂት ዓመቱ መተካት አለበት። የበጋ ውሃም ይፈልጋል። ከአገራችን ጠምበለል አለ። ነጭ አበባው ማታ ማታ ግቢውን ያውደዋል። አዞ ሀረግም አለ፤ ሲከረክሙት ፈሳሹ ቆዳ ያቃጥላልና ጓንት አድርጉ። እነዚህን ሁለቱን ችግኝ ጣቢያ ላይ እምብዛም አታገኟቸውም። ደን ዳር ሄዶ ቁራጭ ለምኖ ማምጣት ነው፤ ከሥሩ ነቅላችሁ እንዳትመጡ እንጂ።

እንዶድስ የሚል ይኖራል። ይወጣል፣ ይሸፍናል፣ ጠንካራ ነው። ግን ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ምን እንዳዩ አስታውሱ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣው ሞቶ አገኙት። በሽታ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ የሚገድል ፍሬ ትልቅ ግኝት ነው። ያው ፍሬ ግን ዓሣም ይገድላል። ሐይቁ ዳር ቤት ያላችሁ፣ ፍሬው ቦይ ውስጥ እየረገፈ እንዲሄድ አትፍቀዱለት።

የአያቴ ዱባና ቅልስ? የሚያሳዝነው ነገር፣ አረንጓዴ የሚሆኑት ጥላ በማንፈልግበት በክረምት ነው። መጋቢት ላይ ደርቀዋል። ለመጀመሪያው ዓመት ግን እጠቀምባቸዋለሁ። ምክንያቱም ዋናው ሀረግ ግድግዳውን ለመሸፈን ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጅበታል። ደንበኛ ደግሞ አይታገሥም። በስድስተኛው ወር «የታለ?» ብሎ ይደውላል። ያኔ ቅሉን አሳየዋለሁ።

አተካከሉ ቀላል ነው፣ ግን ሦስት ቦታ ላይ ይበላሻል። ጉድጓዱን ከግድግዳው 40 ሳንቲ ሜትር አርቁት። ወርዱም ጥልቀቱም 60 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ የበሰለ ፍግ ጨምሩበት። የአፈሩ ተዳፋት ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ ውጭ ይሁን። አለበለዚያ መሠረቱን ታጠጡታላችሁ።

ሁለተኛው ማሰሪያው ነው። ሠራተኛው ብሎኬቱን በስቶ ፊሸር ይከትና ብሎን ያጠብቃል። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው! ሀረጉ ሕፃን እያለ ይይዘዋል፤ በአራተኛው ክረምት ሽቦው፣ ፊሸሩና ልስኑ አንድ ላይ ይወርዳሉ። ኮለኑን ወይም ቢሙን፣ ማለትም የኮንክሪቱን ምሰሶ ወይም አግዳሚ፣ ፈልጋችሁ እዚያ እሰሩ። በመካከል ዚንክ የተቀባ ሽቦ ወጥሩ፤ ከግድግዳው ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ያቺ ክፍተት አየር መመላለሻ ናት፣ ለቀለም ቀቢም ትጠቅማለች። ብረት ውድ ነው ካላችሁ ቀርከሃ አለ፤ ከአዊ በኩል ይመጣል። እግሩን አፈር ውስጥ አትቅበሩት፤ ምስጥና እርጥበት ሁለት ዓመት አያቆዩትም። ድንጋይ ላይ አቁሙት።

ሦስተኛው መከርከም ነው። ከክረምት በፊት፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ አሳጥሩት። ቆርቆሮ ሥር እንዳይገባ፣ አሸንዳ እንዳይደፍን፣ የመብራት ሽቦ እንዳይነካ። ሀረግ ቆርቆሮ ሥር ጣቱን ካስገባ ምስማሩን ይነቅለዋል።

ጣሪያ ላይስ ተክል አይሆንም ወይ ለምትሉ አጭር መልስ አለኝ። 10 ሳንቲ ሜትር እርጥብ አፈር በአንድ ካሬ ሜትር ከ150 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። በባሕር ዛፍ እንጨት ላይ የተመታ ቆርቆሮ ይህን አይችልም። ኮንክሪት ጣሪያ ካላችሁ መሐንዲስ ያስላው።

ደግሞ አንድ ነገር ልናዘዝ። ከምዕራቡ ግድግዳ ፊት አራት ሜትር ቦታ ካላችሁ ሀረጉን ተዉትና ዛፍ ትከሉ። ዜጌ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ። ጀልባው ላይ ፀሐይ ሲያነድዳችሁ ቆይቶ፣ ወርዳችሁ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው መንገድ ላይ ቡናው ሥር ስትገቡ ምን ይሰማችኋል? ግድግዳ እንኳ የለም፤ ትልልቅ ዛፎች ናቸው ያን የሠሩት። ሀረግ የምለው ቦታ ለሌለው ነው። አሁን በየሰፈሩ የሚሠራው ቤት ከአጥሩ አንድ ሜትር ነው የሚርቀው። በአንድ ሜትር ውስጥ ዋንዛ አይገባም፤ ጠምበለል ግን ይገባል።

ወደ ጥያቄዎቹ።

መጀመሪያ የተነሳው የማይቀረው ነው፦ «እባብ አያመጣም ወይ?» ሀረጉ ሳይሆን ሥሩ የሚከማቸው ኮተት ነው የሚያመጣው። አሮጌ ጣውላ፣ ጀሪካን፣ ቅጠል ሲከመር አይጥ ይገባል፤ እባብ አይጧን ተከትሎ ይመጣል። ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ያለውን ቅጠል አንሱ፣ ሥሩን ጥረጉ።

«ትንኝስ?» ይህ ከእባቡ ይልቅ ያሳስበኛል። ወባ ያለበት ከተማ ነው። ቻይና ቼንግዱ ውስጥ በረንዳው ሁሉ ደን የሆነ ከ800 በላይ አፓርታማ ያለው መንደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ተክሉ ያለ ተቆጣጣሪ አድጎ፣ ትንኝ ወርሮት፣ የገቡት ቤተሰቦች አሥር ያህል ብቻ መሆናቸው ተዘግቦ ነበር። በእኛም አገር እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ አዲስ የወባ ትንኝ ዝርያ ታይቷል፤ በከተማ በበርሜልና በገንዳ ውሃ ውስጥ ይራባል። ስለዚህ ከአበባ ማስቀመጫ ሥር ውሃ የሚያቁር ሳህን አታድርጉ፤ ሮቶውም ክዳኑና ወንፊቱ ይኑረው። መሬት ላይ የተተከለ ሀረግ ሳህን የለውም። ይህም አንዱ የምወድበት ምክንያት ነው።

አንድ ወጣት መሐንዲስ «ግድግዳ አይሰነጥቅም ወይ?» አለ። ጎንደር የፋሲል መዋኛን አስቡ። የዛፎቹ ሥር ድንጋዩን እንደ ጣት ጨብጦታል። ያን የሚያደርገው ሀረግ ሳይሆን የዋርካና የሾላ ዘመድ ነው። ወፍ ዘሩን ስንጥቅ ውስጥ ትጥለዋለች። ቤታችሁ ግድግዳ ላይ እንዲህ ያለ ችግኝ ካያችሁ ዛሬውኑ ንቀሉት። በሽቦ ላይ የሚወጣ ሀረግ ግን ጤነኛ ልስን አይጎዳም። ልስኑ የተሰነጠቀ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ጠግኑ። ጭቃ ቤት ከሆነ ደግሞ ሽቦውን ከግድግዳው ጋር አታገናኙት። ራሱን የቻለ ቋሚ አቁሙለት፤ ውሃውም ወደ ጭቃው አይረጭ።

መጨረሻ ላይ ከኋላ ረድፍ አንድ እናት ተነሱ። ነጠላቸውን አስተካከሉና፦

«እኔ በዚያ በምዕራቡ በኩል ጌሾ ተክያለሁ። አሥር ዓመት አለፈው። ይኸ እንግዲህ ካንተ ሀረግ ይቆጠራል?»

«አይ እማማ፣ ጌሾ ቁጥቋጦ ነው። ግድግዳ አይወጣም» አልኳቸው።

«ክፍሉ ግን ይቀዘቅዛል።»

ከግድግዳው ምን ያህል እንደሚርቅ ጠየቅኳቸው። አንድ ክንድ። ቁመቱስ? መስኮቱን አልፏል። ከዚህ ሁሉ ንግግሬ በፊት እሳቸው ሠርተውት ተቀምጠዋል። ይህን ነገርኳቸው። እሳቸው ግን ለምስጋና አልነበረም የተነሱት።

«ችግሩ» አሉ፣ «ለፋሲካ ጠላ ስጠምቅ ቅጠሉን እቀጥፈዋለሁ። ያን ጊዜ ክፍሉ መልሶ እሳት ይሆናል። ምን ይሻላል?»

ሚያዝያ ላይ ነው እንግዲህ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን። አንድ ረድፍ ጌሾ ከጓሮ ጨምረው ቢተክሉ አልኳቸው። ቦታ የለም። ጠላውን ትንሽ ቢቀንሱ አልኩ፤ አዳራሹ ሳቀብኝ። «እንግዲያው ከውስጥ ከውስጡ ይቀንጥሱ፤ በፀሐዩ በኩል ያለውን እስከ ሰኔ አይንኩት» አልኳቸው።

«እሞክረዋለሁ» ብለው ተቀመጡ። ፊታቸው ግን አላመነኝም።